በባዶ እግሩ የወደቀው አማካሪ

እስቲ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ልጆቼ። የቆመው ይቀመጥ፤ የተቀመጠውም እግሩን ሰብስቦ ለኋለኛው ቦታ ይልቀቅ። የማወጋችሁ የአንድ ሰው ሞት ነው። ግን አይክበዳችሁ፤ ሞቱን ስንፈታው የሚወጣው ሕይወቱ ነው።

በአህመዳባድ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎቹ ከተዘጉ ወዲህ ጭር ባለው ሰፈር፣ አንድ አዲስ ባለ አራት ፎቅ ሕንፃ ቆሞ ነበር። ቤቶቹ ጠባብ ናቸው፤ አንድ ክፍል፣ አንድ ወጥ ቤት፣ አንዲት በረንዳ። ገዢዎቹ ግን በሕልማቸው ቤተ መንግሥት አድርገዋቸው ነበር። በረንዳ ጠራጊ፣ ቀለም ቀቢ፣ አሮጌ ልብስ በሣህን የሚለውጥ ልዋጭ ነጋዴ፣ ሁሉም በብድር የገዙ ናቸው። ቁልፉን ግን ገና አልተረከቡም።

በታኅሣሥ ብርድ፣ አንዲት ሲሚንቶ ተሸካሚ ሴት ጠዋት ሥራ ስትገባ ከሕንፃው ጀርባ ሰው ወድቆ አየች። ጩኸቷ ሰፈሩን ቀሰቀሰው።

ኢንስፔክተር ሬቫ ሶላንኪ ስትደርስ የሕንፃው ባለቤት ጃይሱክ ዶላሪያ ቀድሟት መሐረቡን በእጁ እየጠመዘዘ ይንጎራደዳል።

"ሟቹ ማን ነው?" አለች።

"ኒራንጃን ቮራ፤ የብድር አማካሪው። ማዳም፣ ነገሩ እኮ ግልጽ ነው። ትናንት ‘ከእነዚህ ድሆች ጉቦ እንደምትበላ ደርሼበታለሁ፣ ለአበዳሪው እናገራለሁ’ አልኩት። ሐፍረቱን አልቻለውም። ጫማውን ጣሪያው ላይ አውልቆ ነው የዘለለው።"

"እርስዎ መቼ መጡ?"

"ሁለት ሰዓት ላይ። ሠራተኞቹ ጠርተውኝ። ወደ ላይ እንኳ አልወጣሁም፤ የጫማውን እነሱ ናቸው የነገሩኝ።"

ሬቫ ከአስከሬኑ አጠገብ ቁጢጥ አለች። ሟቹ ፀጉሩ የሸበተ፣ ቀጭን ሰው ነው። ሸሚዙ ነጭ፣ አዲስ የተተኮሰ። ጫማ የለውም።

ሳጅን ዳላባይ ከኋላዋ አጎነበሰ። ሠላሳ ዓመት በፖሊስነት የኖረ፣ ከሥራው ይልቅ ሆዱን የሚወድ፣ ግን ልቡ ንጹህ ሰው ነው።

"ጉንዳን ደም ይወዳል እንዴ ማዳም?"

"ደሙ ያለው ራሱ ጋ ነው። እነዚህ ግን የተሰለፉት እግሩ ጋ ነው።"

እውነትም ቀጭን የጉንዳን ሰልፍ ወደ ሟቹ ውስጥ እግር ይወጣል፣ ይወርዳል። ሬቫ በጣቷ ነካ አደረገችው፤ ይጣበቃል። አሸተተችው። ወተት ነው፤ ስኳር ያለበት ወተት። ከደረቀው ወተት ሥር ያለው ቆዳ ደግሞ ቀልቷል፤ ውኃ ቋጥሯል።

ወደ ጣሪያው ወጡ። ጫማዎቹ፣ በቤተ መቅደስ ደጃፍ እንደሚተው ጫማ፣ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የጣሪያው ወለል ገና ኖራ የፈሰሰበት ነው፤ የረገጠው ሁሉ ነጭ ይሆናል።

"ዳላባይ፣ ይህ ሰው ጫማውን እዚህ ካወለቀ እስከ ጠርዙ ድረስ በምኑ ሄደ?"

"በእግሩ ነዋ።"

"እግሩ ላይ ግን ኖራ የለም።"

ዳላባይ የራሱን ጫማ አየና አገጩን አከከ። "ታዲያ በረረ?"

"እሱማ አልበረረም። የበረረው ጫማው ነው።"

ገና ከደረጃው ሳይወርዱ አለቃዋ ደወለ። "ሬቫቤን፣ ራሱን ያጠፋ ሰው ነው አሉ፤ ቶሎ ዝጊው" አላት። በዚያ አገር ለአክብሮት ከሴት ስም ኋላ ‘ቤን’፣ ከወንድ ስም ኋላ ‘ባይ’ ይጨመራል፤ እህት፣ ወንድም እንደማለት። ቀጥሎ የአበዳሪው ድርጅት ኃላፊ ደወለ፤ ሰውየው ጨካኝ አልነበረም፣ ድምፁ ግን ቁርጥ ያለ ነበር።

"እነዚህ ሰዎች የደመወዝ ወረቀት የላቸውም፤ ያበደርናቸው የኒራንጃንባይን ቃል አምነን ነው። እሱ ጉቦ በልቶ ከነበረ ቃሉ ዋጋ የለውም። እስከ ሰኞ ካልጠራ ብድሩን እሰርዛለሁ፤ ቤቶቹም ለሌላ ይሸጣሉ።"

ሬቫ ከጣሪያው ላይ ወደ ታች አየች። ሰዎቹ ደጁ ላይ መሰብሰብ ጀምረው ነበር። አልጮኹም። አንዷ ሴት ግንቡን በመዳፏ ትደባብሰዋለች፣ እንደ ላም ጀርባ።

*

የሟቹ ሚስት ኩሱም ሳሎኗ ውስጥ ካለው ዥዋዥዌ ወንበር ላይ ተቀምጣ ነበር፤ ሳትወዛወዝ። ጎረቤቶቹ ነጭ ልብስ አልብሰዋታል።

"ዘለለ ነው የሚሉት?" አለች።

"ይላሉ። እኔ ግን ገና አላልኩም።"

"ዛሬ ጎህ ሳይቀድ ታጥቦ ለበሰ። ያፏጭ ነበር። ‘የት ነው?’ ስለው፣ ‘ዛሬ አንድ ሰው ደስ ላሰኝ ነው፤ ማታ እነግርሻለሁ’ አለኝ። ሊሞት የወጣ ሰው ያፏጫል እንዴ?" ፊቷን በሻሿ ጫፍ ያዘች። "ከዚያ ሻይ ላፈላ ስል ወተቱ የለም! ይዞት ሄዷል። ትንሿን የነሐስ ማሰሮዬንም። እንዲህ ያለ ባል፣ ብዬ ስራገም፣ ልጄ... እየረገምኩት ሳለ ነው የደወላችሁት።"

ሬቫ እጇን ያዘችና ከአጠገቧ ተቀመጠች።

"ስለ ጉቦው ምን ትያለሽ፣ ኩሱምቤን?"

ኩሱም መራር ሳቅ ሳቀች። "ዙሪያሽን እይ። ይህ ጉቦ የሚበላ ሰው ቤት ይመስላል? ድሮ ለሀብታም ቪላ ሲሸጥ ነበር ገንዘብ የነበረን። መሬት የተንቀጠቀጠ ጊዜ እሱ የሸጠው አንድ ሕንፃ ፈረሰ። በነጋታው ቪላ መሸጡን ተወ። ‘ከእንግዲህ ቤት የሌለውን ቤት አስገባለሁ’ አለ። ባንኮቹ ‘ደሃ ገቢው አይታወቅም’ ሲሉት፣ ‘እኔ አውቅላችኋለሁ’ አላቸው።"

"እንዴት አድርጎ?"

"አብሯቸው እየዋለ! ሻይ ሻጩ ዘንድ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ስንት ሰው እንደሚጠጣ ያያል። ልዋጭ የምትዞረውን ሴት ቅርጫቷን ተሸክሞላት ሰፈር ለሰፈር ይከተላታል። ጓደኞቹ ይስቁበት ነበር። ብድር ከልክሎ የመለሰውም ሰው ግን ነበር፤ ዕዳው የሚሰብረውን ሰው ‘አንተ ቆይ’ ይለዋል። አንድ ባለ ባጃጅ፣ ራፊቅ የሚሉት፣ እዚህ ደጃፍ ድረስ መጥቶ ‘ከፎቅ ላይ ነው የምወረውርህ!’ ብሎ ሰድቦታል።"

ዳላባይ ዓይኑን ወደ ሬቫ ወረወረ።

*

ራፊቅን ከባቡር ጣቢያው ፊት ለፊት ከባጃጁ ላይ አወረዱት። ትከሻው ሰፊ፣ ጢሙን በሂና ያቀላ ሰው ነው። የሟቹን ስም ሲሰማ ዓይኑ ቀላ።

"ልወረውርህ ብለኸዋል?"

"ብያለሁ። አፌ ነው ያለው። እጄ አላለም።"

"ለምን ተጣላችሁ?"

ራፊቅ መሬት መሬት አየ። "ብድሩን ‘ቆይ’ አለኝ። እኔ ደግሞ ገንዘብ ጠቅልዬ ኪሱ ውስጥ ከተትኩለት። አወጣና ፊቴ ላይ ወረወረው። ሰው እያየ! አፈርኩ፣ ሰደብኩት።"

"ጉቦ ልትሰጠው ሞክረህ አልቀበል አለህ ማለት ነው።"

"ቢቀበለኝማ ዛሬ ባለ ቤት ነኝ እኮ፣ ማዳም!"

ሬቫ ይህን በልቧ ያዘች። የሰደበው ሰው ነው ያነጻው። "ዛሬ ጎህ ሲቀድ የት ነበርክ?"

"ጋዝ ወረፋ። ለባጃጄ።"

"የትኛው ማደያ?"

"የ... የድልድዩ ሥር።"

ዳላባይ ከት ብሎ ሳቀ። "አንተ ሰውዬ! የድልድዩ ሥር ማደያ ከትናንት ጀምሮ ተዘግቷል፤ ቱቦው ተበላሽቶ። የእህቴ ልጅ እዚያ ነው የሚሠራው። ሌላ ውሸት አምጣ፣ ይኼ ቀዝቅዟል።"

ራፊቅ አፉን ዘጋ። ቢለምኑት፣ ቢያስፈራሩት፣ ሻይ ቢሰጡት አንድ ቃል አልወጣውም። "እሰሩኝ። ለአንዲት እናት ምያለሁ" ብቻ አለ።

ፖሊስ ጣቢያ ወሰዱት። ዳላባይ እጁን አፋተገ። "በቃ፣ ያዝነው አይደል?"

"የያዝነው ሰው አለ፣ የያዝነው ነገር ግን የለም" አለች ሬቫ። "ዳላባይ፣ ጎህ ሳይቀድ ታጥቦ፣ ሳይበላ፣ ወተትና የነሐስ ማሰሮ ይዞ የሚወጣ ሰው ምን ሊያደርግ ነው?"

ዳላባይ አሰበ፤ ከዚያም ቀስ ብሎ ፊቱ ተለወጠ። "ቤት ሊያስገባ! አዲስ ቤት ሲገባ ወተት አፍልቶ ማገንፈል ነው። እሱም በባዶ እግር።"

"ነገስ ምንድን ነው?"

"ነገ ካሙርታ ይገባል። ወሩ እስኪያልቅ ማንም ሰው አዲስ ቤት አይገባም፤ ክፉ ወር ነው። እናቴ እንኳን ቤት፣ መጥረጊያ አትገዛም ነበር።"

"ስለዚህ ዛሬ የመጨረሻው መልካም ቀን ነበር። ቁልፉ ደግሞ ገና አልተሰጠም። አንድ ሰው መጠበቅ አልቻለም፤ ኒራንጃንባይም ቤቶቹን ለመቆጣጠር የተሰጠውን ቁልፍ ይዞ አስገባው። ያ ሰው ማን ነው? ማሰሮውስ የት ሄደ?"

*

ወደ ሕንፃው ተመለሱ። ቤት ለቤት ገብተው ወለሉን አዩ። ሁሉም አቧራ ለብሷል። ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣ ወደ ምሥራቅ በሚያየው ቤት ግን ወለሉ ታጥቦ ያብለጨልጫል።

"ከሠላሳ ሁለቱ ቤት አንዱን ብቻ ያጠበ ደግ ሠራተኛ" አለ ዳላባይ።

ወጥ ቤቱ ጥግ ላይ ጉንዳኖች ተሰብስበው ነበር። ውኃ ያጠበውን ወተት የንጣፉ ስንጥቅ ይዞላቸዋል። ሬቫ ወደ በረንዳው ወጣች። የበረንዳው መደገፊያ ብረት ሲታይ እንደሌሎቹ ነው፤ ሥሩ ላይ ያለው ሲሚንቶ ግን ጠቁሮ ረጥቧል። ጥፍሯን ስትሰካበት እንደ ሊጥ ገባ። የጎረቤቱን በረንዳ ብረት ያዝ አድርጋ ነቀነቀችው፤ እንደ ሽማግሌ ጥርስ ተወዛወዘ። ከሲሚንቶው ይልቅ አሸዋው ነበር የሚበዛው።

ወደ ታች አየች። ኒራንጃን የወደቀው ልክ ከዚህ ሥር ነው።

"ወድቋል እንጂ አልዘለለም" አለች ቀስ ብላ። "ከዚያ አንድ ሰው መጥቶ ብረቱን መልሶ ተከለ፣ ቤቱን አጠበ፣ ጫማውን ከዚህ ደጃፍ አንስቶ ጣሪያ አወጣ። ዕቃውን ግን ምን አደረገው? የቆሻሻ መጣያውን አይተናል፤ የለም።"

ዳላባይ ከበረንዳው ላይ ሆኖ በግቢው በር አጠገብ ያለችውን ዋርካ ነበር የሚያየው። እዚያ ሰፈር የተሰበረ የአማልክት ሥዕል፣ የደረቀ የበዓል አበባ፣ የተቀደሰ ነገር ሁሉ ከቆሻሻ ጋር አይጣልም፤ ከዋርካ ሥር ይተዋል።

"ማዳም" አለ። "እኔ ብሆን፣ ሌባም ብሆን፣ ነፍሰ ገዳይም ብሆን፣ የቤት መግቢያ ዕቃ ቆሻሻ ውስጥ ልጣል? እጄ ይደርቃል!"

ሮጠው ወረዱ። ከዋርካዋ ሥር፣ ከአሮጌዎቹ ሥዕሎች መሀል፣ የነሐስ ማሰሮው ነበር፤ ቀይ ክር የታሰረበት ኮኮናትም፤ ከበር ላይ የወረደ የማንጎ ቅጠል ጉንጉንም፣ ገና አረንጓዴ እንደሆነ።

*

ጃይሱክ ዶላሪያ ቢሮው ውስጥ ሻይ አዘዘላቸው። ሬቫ ኮኮናቱን ከከረጢቷ አውጥታ ለዳላባይ ወረወረችለት።

"ሰንጥቀው። ከጠዋት ጀምሮ አልበላንም።"

ዳላባይ ለዚህ ተለምኖ አያውቅም። ኮኮናቱን ከጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ሊያሳርፈው ክንዱን አነሳ።

"ኧረ አይሆንም!" ጃይሱክ ከወንበሩ ዘሎ ተነሣ። "የቤት መግቢያ ነው እኮ! ባለቤቷ ሳትሰብረው እናንተ..."

ሬቫ ወደ ጃይሱክ ዞረች።

"የቤት መግቢያ መሆኑን ማን ነገረዎት፣ ጃይሱክባይ? የመቅደስ ስለት ሊሆን ይችላል እኮ። ደግሞስ ‘ባለቤቷ’ አሉ። የማን ቤት መግቢያ እንደሆነ ያውቃሉ፤ ወደ ላይ አልወጡም ግን።"

ሰውየው ተቀመጠ። ትልቅ ሰው ሲያንስ አይታችሁ ታውቃላችሁ? እንደዚያ ሆነ።

"ሞቶ ነው ያገኘሁት" አለ። "በልጆቼ! ፀሐይ እንደወጣች፣ ሠራተኞቹ ሳይገቡ ነው የመጣሁት፤ አንድ ባልዲ ሲሚንቶ ይዤ፣ ብረቶቹን ላዩን ላዩን ልለስን። እሱ ነው ያስቸገረኝ። ‘ብረቶቹ በደንብ ካልተተከሉ ርክክብ አልፈርምም’ ይለኝ ነበር። መጣሁ፤ ወድቋል፤ ብረቱ ተንጠልጥሏል። ላይ ወጣሁ፤ ቡታጋዝ፣ ወተት። ባለቤቷ ፈርታ ሸሽታለች። ቤቱን እንዳታጣ ብላ መቼም አትናገርም ብዬ..."

"ፍርሃቷን መሸሸጊያ አደረጉት።"

"ያለኝን ሁሉ እዚያ ሕንፃ ላይ አፍስሻለሁ፣ ማዳም!"

"ገዢዎቹም እኮ አፍስሰዋል" አለች ሬቫ። "ጉቦውስ?"

ጃይሱክ መሐረቡን ፊቱ ላይ አደረገ። "የለም። የሞተ ሰው አይመልስልኝም ብዬ ነው።"

ዳላባይ ኮኮናቱን በሁለት እጁ ይዞ፣ እንደ ሕፃን ቀስ አድርጎ ከረጢቱ ውስጥ መለሰው።

*

አሁን የቀረው አንድ ጥያቄ ነበር። ብረቱ ደካማ መሆኑን ከማንም በላይ የሚያውቀው ኒራንጃን ነው። የሚያውቅ ሰው እንዴት ተደገፈው?

ሬቫ ኮኮናቱን ይዛ ራፊቅ ዘንድ ገባች፤ ከፊቱም አስቀመጠችው። "መሐላህን አታፍርስ። ወደ እሷ ብቻ ውሰደኝ።"

ራፊቅ አለቀሰ። ከዚያም ተነሣ።

ጂቪ የምትባል አሮጊት ነበረች፤ ሰፈሩ ሁሉ "ባ" ይላታል፣ እናቴ እንደማለት። ዕድሜዋን ሙሉ ሣህን በቅርጫት ተሸክማ "ልዋጭ!" እያለች የዞረች። ከወንዙ ዳር ካለች የላስቲክ ጎጆ ውስጥ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታ አገኟት።

"ባ፣ የመጣሁት ላስርዎት አይደለም" አለች ሬቫ መሬት ላይ እየተቀመጠች።

"እሰሪኝ እንጂ። የገደልኩት እኔ ነኝ።"

"ኧረ ባ! ምን ይላሉ!" አለ ራፊቅ።

"አንተ ዝም በል፣ ቂል። መሐላ እንኳ መያዝ አትችል።" አሮጊቷ ተነሥታ ተቀመጠች። "አርጅቻለሁ፣ ልጄ። ካሙርታ ገብቶ እስኪወጣ መቆየቴን ማን ያውቃል? ‘ኒራንጃን፣ ቤቴን ሳልገባ ልሞት ነው’ አልኩት። ሳቀብኝ። ‘ርክክቡን አሁን መፈረም አልችልም፣ ባ። ግን በመልካሙ ቀን ወተትሽን አገንፍለሽ ውጪ፤ ሌላውን እኔ እጨርሳለሁ’ አለኝ። ይህ ፈሪ ባጃጁን አመጣልን፤ ከስድቡ በኋላ ይቅር ተባብለው ነበር። እሱ ታች ቆየ።"

"ከዚያስ?"

"ወተቱ ገነፈለ። ልጄ፣ እንዴት ያምር ነበር! ኒራንጃን ያጨበጭባል። ‘ወደ በረንዳው ብቻ አትውጪ’ ብሎኝ ነበር፤ ነግሮኛል። ግን ፀሐይ ወጣች። ከገዛ ቤቴ ፀሐይ ስትወጣ አይቼ አላውቅም። ሁሉን ረሳሁ። እንደ ልማዳችን ለክብሯ ውኃ ላፈስላት ጣሳዬን ይዤ ወጣሁ፣ ብረቱንም ተደገፍኩ። ሲሄድ ተሰማኝ።" እጇን በአየር ላይ ዘረጋች። "እሱ ከወጥ ቤቱ ነበር። የፈላው ወተት ላይ ሮጠ። ሻሼን ይዞ ወደ ውስጥ ወረወረኝ። እኔ ገባሁ፤ እሱ ወጣ።"

ዳላባይ ወደ ውጭ ወጥቶ ጀርባውን ሰጥቷቸው ቆመ።

"ራፊቅ ቤቴን እንዳላጣ ብሎ ይዞኝ ሸሸ፤ እኔም እንዳይናገር አስማልኩት። ያለ ሰዓቱ ስለገባሁ ነው የሞተው። ችኮላዬ በላው" አለች ባ።

"የበላው ብረቱን በአሸዋ የተከለው ሰው ነው" አለች ሬቫ። "ባ፣ ዝም ካሉ ስሙ የሌባ ሆኖ ይቀራል፤ ጎረቤቶችዎም ቤት አልባ ይሆናሉ። ከተናገሩ ቁልፍ ሳይሰጥዎት መግባትዎን አበዳሪው ያውቃል፤ ቤቱን ሊከለክልዎት ይችላል። አልዋሽዎትም።"

አሮጊቷ ሻሿን አስተካከለች። "ተነሥ ራፊቅ፣ ባጃጅህን አስነሣ። የት ነው የምናገረው?"

*

ተናገረች። የአበዳሪው ኃላፊ ሰምቶ ሲጨርስ የማንንም ብድር ሳይሰርዝ፣ የእሷንም ሳይሰርዝ ወጣ። የሕንፃው ብረት በሙሉ ተነቅሎ እንደገና ተተከለ፤ ዳላባይ አንድ በአንድ ነቀነቀው። ካሙርታ አልፎ፣ ሰማዩ በክር በሚለቀቁ የወረቀት ካይቶች በሚሞላበት በዓል ማግሥት፣ ሰዎቹ ቁልፋቸውን ተረከቡ።

ባ ግን ሦስተኛው ፎቅ ደጃፍ ላይ ቆማ አልገባም አለች። ሬቫም፣ ራፊቅም ለመኗት። ወይ ፍንክች። በኋላ ኩሱም ደረጃውን በነጭ ልብሷ ወጣች። ባ እሷ እስክትመጣ ነበር ለካ የምትጠብቀው።

"ነይ፣ አንቺ ቅደሚ" አለቻት።

ሴቶቹ ተንሾካሾኩ። ባሏ የሞተባት ሴት አዲስ ቤት ቀድማ አትገባም፤ ገድ የላትም ይባላል። ኩሱም ራሷ ወደኋላ አለች። "ባ፣ አይሆንም፤ ቤትሽን አላበላሽም።"

"ምኑን ነው የምታበላሺው? ባልሽ ሕይወቱን የከፈለበትን ደጃፍ አንቺ ካልረገጥሽው ማን ሊረግጠው ነው?" ወደ ሴቶቹ ዞረች። "ገድ የምትፈራ ወደ ቤቷ ትሂድ። አሁን ሁላችሁም ቤት አላችሁ!"

ሴቶቹ አንገታቸውን ደፉ። ከዚያ አንዷ ከመሀል ሳቀች፤ ሌሎቹም ተከተሏት፣ እንባቸው እየወረደ። ኩሱም በቀኝ እግሯ ገባች። ባ የልብሷን ጫፍ ይዛ፣ እንደ ሕፃን ልጅ፣ ተከተለቻት።

በቃ፣ ልጆቼ፣ እዚህ ላይ ነው የሚያልቀው። አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ፦ ከእንግዲህ በረንዳ ላይ ቆማችሁ ብረቱን ስትደገፉና ብረቱ ሲጸናላችሁ፣ ኒራንጃን ቮራ የሚባል ሰው እንደነበረ አስታውሱልኝ።